ፍሬኑስ ይይዛል?



እኔ የምለው… ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ የምናየው ምኑን ነው? መኪና ሊገዛ የሄደን ሰው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ዙሪያዋን አንድ ጊዜ ይዞራታል። ቀጥሎ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። (ጎማው ምን ብሎ እንደሚመልስለት እስከ ዛሬ አልገባኝም!) ከዚያ በሩን ከፍቶ ይዘጋና ድምፁን ያዳምጣል። ሻጩ ደግሞ በበኩሉ “ሌዲ ድሪቨን ናት፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ” እያለ ወሬውን ያጣፍጣል። ሞተሩ ይነሣል። “አቤት ጉልበት! ይቺማ የዓባይን በረሃ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች!” ይባላል። ስለ ፍሬኑ የሚጠየቀው፣ ያውም ከተጠየቀ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ቋንቋችን ራሱ ያጋልጠናል እኮ። “ይሄዳል?” “ይወጣል?” “ይስባል?” እንላለን እንጂ “ይቆማል?” ብለን አንጠይቅም። “ቆመ” ማለት ለእኛ “ተበላሸ” ማለት ነው። መኪናው ቆመ፣ ግንባታው ቆመ፣ ሥራው ቆመ… የቆመ ነገር ሁሉ የከሰረ ነው። መቆም መቻል ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የሚያስታውሰን ቁልቁለት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ነገር ያስወራኝ አንድ ብስክሌት ነው።

የእህቴ ልጅ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ ገና ዓመቱ ነው። ከደመወዙ ላይ እየቆነጠረ ጥቂት ገንዘብ አጠራቀመና “ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ልገዛ ነው” አለ። ለሥራ መመላለሻ ቢሆን ማንም ባልተቃወመው ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ከመንገዶቹ ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ ከታክሲ ሰልፍም ይገላግላል። እሱ የፈለገው ግን ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ከእንጦጦ ጫፍ በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ለመውረድ ነው። ለመውረድ ብቻ! ሽቅቡንማ ብስክሌታቸውን በፒክአፕ ጭነው ነው የሚወጡት።

እህቴ ደወለችልኝ።

“ጋሼ፣ አንተ ነህ የምትመልስልኝ። ሰው እንዴት ገንዘብ ከፍሎ ገደል ይወርዳል?”

“አጤ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም እኮ ከእንጦጦ ወርደው ነው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቆረቆረችው” አልኳት ለማሳቅ ያህል።

“እነሱ በበቅሎ ነው የወረዱት! በቅሎ ደግሞ ራሷ ታስባለች።”

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። “ልጁ የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ ነው” ብዬ በሌላ በኩል መጣሁ።

“ገንዘቡ የሱ ነው። አጥንቱ ግን የኔ ነው!”

ዝም ተባባልን። በመጨረሻ በለሆሳስ “እንደማትመልሰው አውቃለሁ። አብረኸው ሂድና ቢያንስ ፍሬኑን እይልኝ” አለችኝ። ከቤተሰባችን ውስጥ ስለ ፍሬን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው መንጃ ፈቃድ የሌላት እህቴ ናት።

ለምን እኔን መረጠች? ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ደግሞ ልጅ መራመድ እንደ ቻለ ብስክሌት ይወጣል። ሁለት ክረምት ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ከመነዳሪ ስለጥፍና ኩሽኔታ ስቀባ ውያለሁ። በነገራችን ላይ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሩጫው ስለሚጋርደው ነው እንጂ ወጉስ አለን።

እህቴን ያስፈራት “ቁልቁለቱ” ብቻ አልነበረም፤ “ያገለገለ” የሚለውም ቃል ነበር። “አሮጌ ብስክሌት ይዞ ገደል?” አለች። እኔ ደግሞ የዚህን ስፖርት አመጣጥ ነገርኳት። ስፖርቱ የተወለደው ከአሮጌ ብስክሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ማሪን በሚባለው የካሊፎርኒያ አካባቢ፣ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የተሠሩ ከባባድ ብስክሌቶችን ከየቦታው እየለቀሙ ከተራራ ቁልቁል ይወርዱባቸው ጀመር። የእነዚያ ብስክሌቶች ፍሬን በእጅ የሚጨበጥ አልነበረም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የኋላውን ጎማ ከመሃሉ የሚይዝ ዓይነት ነበር። በ1976 ውድድር የጀመሩበት አንድ ኮረኮንች መንገድ 3 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ታች ሲደርሱ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ጨሶ ያልቃል። ለሌላ ዙር ፈትቶ እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ነበር። የመንገዱም ስም ከዚሁ ወጣ፦ “ሪፓክ”፣ እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ከእነሱ አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታሰበ አዲስ ብስክሌት ሠራ። ዛሬ ዓለሙን የሞላው ማውንቴን ባይክ ዘሩ ሲቆጠር እዚያ ይደርሳል።

እንግዲህ እነዚያ ልጆች አሮጌ ብስክሌት አላስፈራቸውም። ለምን? እያንዳንዷን ብሎን ራሳቸው ፈተው ራሳቸው ስላሰሩ ነው። የሚያስፈራው አሮጌ ዕቃ ሳይሆን ታሪኩን የማናውቀው ዕቃ ነው። አዲስም ሆኖ የማናውቀው ያው ነው።

ይህን ተነጋግረን ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያው ብስክሌት ዓይን ይማርካል። ቀይ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ ጽሑፉ ከነብር ቆዳ በላይ ያበራል። የእህቴ ልጅ ልቡ እዚያው ቀረ። “ጋሼ፣ ሁለት ሞላ ነው እኮ!” አለኝ። አነሣሁት። የበግ ሙክት ይከብዳል። ተቀምጬ ጫን ስለው የኋላው ሞላ እንደ አልጋ ስፕሪንግ ጢው ጢው አለ። ወዳጆቼ፣ ርካሽ ብስክሌት ላይ ሁለት ሞላ ማለት ገንዘቡ ከፍሬኑ፣ ከጎማውና ከቴላዮው ተቀንሶ ለሞላው ወጣ ማለት ነው። በዓለም ላይ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጡ የዚህ ዓይነት “የተራራ” ብስክሌቶች አንዳንዶቹ “ለተራራ መንገድና ለዝላይ አይሆንም” የሚል ትንሽዬ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባቸው ነው የሚወጡት። የተራራ ብስክሌት ተብሎ ተራራ የማይወጣ፣ የማይወርድ! በዚያው ገንዘብ ከኋላ ሞላ የሌለው፣ ከፊት ግን ደህና ፎርክ ያለው ብስክሌት ይሻላል። ብዙ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ዕቃ ብዙ የሚያረጅ አካል የለውም።

ሁለተኛው ብስክሌት ቁም ነገረኛ ነበር። አሉሚኒየም ነው፣ ስሙ የታወቀ ነው፣ ዲስክ ፍሬን አለው። ሻጩ አርባዎቹን የተሻገረ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው።

“አንድ ፈረንጅ ብቻ ነው የነዳው። ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሲገባ ነው የሸጠልኝ። ለልጄ ነበር ያሰብኩት።”

(የፈረንጅና የሴት ዕቃ ለምን እንደማያረጅ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።)

ባሕር ዳር በተማርኩት ሥርዓት ከላይ ጀመርኩ። የፊቱን ፍሬን ጨብጬ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዝኩት። መሪው ሥር “ቋ” የሚል ነገር ካለ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው፤ ይሄኛው ድምፅ የለውም። የፎርኩን ሁለት እግሮች በጨርቅ ጠረግሁና አየሁ። ጭረት ካለ ወይም ዘይት ካለቀሰ ወጪ ይመጣል፤ ንጹሕ ነው። ጎማዎቹን አነሥቼ አሽከረከርኩ። ቸርኬው ሳይወላገድ ይዞራል። ካቴናውን በማስመሪያ ለካሁ። አሥራ ሁለት ሙሉ መጋጠሚያ በአዲስነቱ 30.48 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከረዘመ ካቴናው ይቀየራል፤ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጥርሶቹንም ይዞ ነው የሚሄደው። ይሄኛው ደህና ነው። የእህቴ ልጅ ገንዘቡን በኪሱ ውስጥ መዳበስ ጀመረ።

ከዚያ ብስክሌቱን ገለበጥኩት።

ሰው ያገለገለ ብስክሌት ሲያይ ገልብጦ አያይም። ቀለም ከላይ ነው፤ እውነት ከሥር ነው። ከመሪው ሥር ተነሥቶ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ከታች በኩል፣ ብየዳው አጠገብ፣ ቀለሙ ከሌላው ትንሽ ይለያል። አዲስ ነው። ጥፍሬን አሳለፍኩበት። ጥፍሬ ተያዘ። እንደ ገና አሳለፍኩ፤ እንደ ገና ተያዘ። የእህቴን ልጅ ጣት ይዤ እሱም እንዲዳስሰው አደረግሁ። ፊቱ ተለወጠ።

ስንጥቅ ነው። ብስክሌቱ አንድ ቀን ከፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር በኃይል ተጋጭቷል።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኩት ሰውየውን።

ጎንበስ ብሎ አየ። አልደነገጠም። “እሱማ ቀለም ነው” አለ። ዝም ብዬ አየሁት። “ደግሞ ቢሆንስ? ብየዳ ምን ሠርቶ ይበላል?”

አሉሚኒየም እንደ ብረት አልጋ አይደለም። ብየዳው ያጋለው ቦታ ጥንካሬው ይወርዳል፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ በልዩ ምድጃ መታከም አለበት። የመንደር ብየዳ ስንጥቁን ይሸፍነዋል፣ ድካሙን ግን ያሰፋዋል። ብረት ሲደክም አብዛኛውን ጊዜ ጎበጥ ብሎ ይነግርሃል፤ አሉሚኒየም ግን ብዙም ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ይህንን በትሕትና አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። አዳምጦም ሲጨርስ ምን አለኝ መሰላችሁ?

“እሺ፣ ሦስት ሺህ ብር ልቀንስላችሁ።”

ስንጥቁ ዋጋ ወጣለት! የእህቴ ልጅ አንገት እንደ ቲማቲም ተገመተ። ደግሞ የገረመኝ ነገር፣ የጭቅጭቅ ሱስ ሆኖብን ነው መሰለኝ፣ አጠገባችን ቆሞ የነበረ አንድ ደላላ “አምስት አድርገውና ይውሰዱት” ብሎ ሊያስታርቀን ተነሣ። ስንጥቁን የካደ ሰው የለም። የተጣላነው በስንጥቁ ዋጋ ላይ ነው።

“ወንድሜ፣ እኛስ አንወስደውም። ለሌላ ስትሸጠው ግን ንገረው” አልኩት።

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቹ ደፈረሱ። “ለኔስ ማን ነገረኝ?” አለ።

እውነቱን ነው እኮ! ውሸታም አድርጌ ልከሰው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቻልኩም። የከፈለው የላቡን ገንዘብ ነው። ስንጥቁን የሸጠለት ሌላ ሰው ነው፤ ለዚያም ሰው ምናልባት ሌላ ሰው። በአገራችን ብዙ ነገር የሚዞረው እንዲህ ነው። መኪናው፣ ቤቱ፣ ማሽኑ፣ አንዳንዴም ወንበሩ። እያንዳንዱ ተረካቢ ስንጥቁን ቀለም ቀብቶ ለቀጣዩ ያስረክባል። “ለኔስ ማን ነገረኝ?” የምትለዋ ጥያቄ ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች፤ ቁልቁለቱን የሚወርደው ግን አንድ ሰው ነው። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ማዘኑ ደግ ነው። ኪሳራውን በማያውቀው ሰው አጥንት ማካካሱ ግን ንግድ አይባልም።

ሦስተኛው ብስክሌት መልክ የለውም። ቀለሙ ተፋፍቋል፤ ኮርቻው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ባለቤቱ በሃያዎቹ መጨረሻ ያለ ወጣት ነው። ቤቱ ስንደርስ ገና ሰላም ሳንባባል “ለምንድን ነው የምትፈልጉት?” አለን። “ቁልቁል ለመውረድ” አለ የእህቴ ልጅ። ወጣቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አንዲት ወረቀት ይዞ ተመለሰ። የጻፈባት የብስክሌቱን በሽታ ነው!

“የፎርኩ ግራ እግር ትንሽ ዘይት ያፈሳል፣ ጎሚኒው ይቀየር። የኋላ ፍሬን ሸራ አልቋል። ካቴናው አርጅቷል። ጎማዎቹ ጎን ጎናቸው መሰነጣጠቅ ጀምረዋል። ቴላዮው ግን ተጋጭቶ አያውቅም፤ መሪው አንዴ ወድቄበት ቀይሬዋለሁ።” ከታች ደግሞ የግዢ ደረሰኙ ተያይዟል። ብስክሌቱን ገልብጬ ከፔዳሉ ሥር ያለውን የፋብሪካ ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳከርኩት፤ ያው ነው። የተሰረቀ አይደለም። ጥፍሬን በየብየዳው አሳለፍኩ። የትም አልተያዘም።

“ይህን ሁሉ ጽፈህ እንዴት ትሸጠዋለህ?” አልኩት።

“የሚወርድበትን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ” አለኝ።

ሳንከራከር ገዛነው። በተረፈው ገንዘብ ሸራ፣ ካቴናና ሁለት ጎማ ተገዛ፤ ፎርኩም ታደሰ። የራስ ቁር ግን አዲስ ነው የገዛነው። ከሁሉ ነገር ያገለገለ የማይገዛው እሱ ነው። ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተመታ ይጨማደዳል፤ ከውጭ ግን አያስታውቅም። አንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ያተረፈ የራስ ቁር ሥራውን ጨርሷል፤ በክብር ይሰናበት።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ እንምጣ። ፍሬኑስ?

የእህቴን ልጅ አስቀምጬ በወረቀት ላይ አሰላሁለት። አንተና ብስክሌቱ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። 500 ሜትር ከፍታ ብትወርዱ፣ ያ ከፍታ የሰጣችሁ ጉልበት ሁሉ የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። ሲሰላ 417 ኪሎ ጁል ገደማ ይመጣል። ይህ ከአንድ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ለእንግዳ የሚበቃ ጀበና ቡና በለው! ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ እየያዝክ በቀስታ ከወረድክ ግን አብዛኛው የሚያርፈው መዳፍ በምታህል የብረት ዲስክና የጣት ጥፍር በምታህል ሸራ ላይ ነው። ለዚህ ነው በረጅም ቁልቁለት ቸርኬውን በላስቲክ የሚቆነጥጠው የድሮው ፍሬን የሚያስቸግረው። ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል፣ ሲግል ደግሞ የጎማውን አየር ያሞቀዋል። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ሆኖ ጭብጡ እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ ውስጡ አየር ገብቷል፤ መንቀል፣ ማስተንፈስ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ይፈራዋል፤ ዋናው ያዥ ግን እሱ ነው። ክብደትህን ወደ ኋላና ወደ ታች አድርገህ፣ በአንድ ጣት በለዘብታ ነው የሚያዘው።

“ጋሼ፣ እኔ እንደሁ ብወድቅ የምወድቀው እኔ ነኝ” አለኝ።

“አይደለህም” አልኩት።

እንጦጦ ባዶ ተራራ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ሲከፈት ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቶለታል፤ ለዚያ መንገድ እናመስግን። ከዚያ ውጭ ባለው መንገድ ግን ሌሊት ተነሥተው የሚሮጡ አትሌቶች አሉ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል በምርኩዝ የሚወጡ ሕሙማን አሉ። አህያ የሚነዳ ልጅ አለ። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ እናቶች አሉ። እነዚያ እናቶች ቀና ብለው መጪውን አያዩም፤ ሸክሙ አያስቀናቸውም። ዘወር ለማለትም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ያንተ ፍሬን ለአንተ ብቻ የተሠራ ከመሰለህ ፍሬን ምን እንደ ሆነ አልገባህም። ከታች ለሚመጣው ሰው ነው የተሠራው።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ወረቀቷን፣ ያቺን የበሽታ ወረቀት፣ ከኪሱ አወጣና ከታች በእስክሪብቶ ቀኑን ጽፎ “ሸራ ተቀየረ፣ ካቴና ተቀየረ” ብሎ ጨመረባት። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላሉ አባቶቻችን፤ ይሄኛው ቁጭ ብሎ መታጠቁን ሳይ እኔም ለእህቴ የምነግራት ነገር አገኘሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ በሁለተኛው ሻጭ በኩል ሳልፍ ብስክሌቱን ቦታው ላይ አጣሁት። ሰውየው አስታወሰኝ፤ ሰላምታ ሰጠኝ።

“ተሸጠ?” አልኩት።

“ተሸጠ።”

“ስንጥቁን ነገርከው?”

ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “አልጠየቀኝም” አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ፣ ጠይቁም። ስትሸጡ ደግሞ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሰላም ሰንብቱ።